የወይዘሮ ኦዲ «ምንም አይል»

ሎሬይን ኦዲን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። «ምንም አይል» ትላለች። እናቷን በቀበረች ሳምንት ሥጋ ሻጩ ስታንሊ ሲጠይቃት «ምንም አይል» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሸሚዝ የሰፋችበት ፋብሪካ ተዘግቶ ደጅ የተጣለች ዕለትም «ምንም አይል» አለች። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተቆላልፈው መርፌ መያዝ ሲያቅታቸው ሐኪሙ «ሕመሙ እንዴት ያደርግሻል?» ቢላት፣ «ምንም አይል፣ ከኔ የባሰ ስንት አለ» አለችው። እሱም አምኗት ዓመት ሙሉ የራስ ምታት ክኒን ብቻ ሲሰጣት ከረመ።

ጥፋቱ የሷ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድባትም። እዚህ በእንግሊዝ አገር፣ ባርንስሊ ከተማ ከከሰል ቆፋሪ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። እናቷ፣ ነፍስ ይማር፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ በጠፋበት ማለዳ እንኳ ተንበርክካ የደጃፏን ድንጋይ ትፈትግ ነበር። «ሆድሽን ማንም አያይልሽም፤ ደጅሽን ግን ያላየ የለም። ገመናሽን ለባዳ እንዳታሳዪ!» እያለች ነው ያሳደገቻት። እንግዲህ በዚህ ያደገች ሴት ከየት አምጥታ ታማርር?

ባሏ ኔቪል ሠላሳ ዓመት የሠላሳ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ወሬኛ፣ ቀልደኛ፣ ሰዓት አክባሪ። ከዚያ ስኳር በሽታው ዓይኑን ወሰደበት፤ መጀመሪያ ግራውን፣ በዓመቱ ቀኙን። የአውቶቡሱን ቁልፍ ያስረከበ ዕለት ሶፋው ላይ ተጋደመ፤ ስምንት ወር አልተነሳም። አይላጭም፣ አይስቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ድሮ የሚሞትለት እግር ኳስ በሬዲዮ ሲመጣ እንኳ «ዝጊልኝ» ይላል። ሎሬይን በሕይወቷ እንደዚያ ጊዜ ፈርታ አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን ያው ነው፤ «ምንም አይል።»

ከሶፋው ያስነሳችው ቀይዋ መኪና ናት። ሎሬይን ጉልበቷም እጇም ስለተያዘ ከሚሰጣት የአካል ጉዳት ድጎማ በከፊሉ መኪና ትከራይበታለች። መሪው ላይ የእንቁላል መጠን ያለው መያዣ ተገጥሞለት በመዳፏ ታሽከረክረዋለች። መኪናዋ የመጣች ሐሙስ ዕለት ሶፋው አጠገብ ቆመችና «ተነስ፣ መንገድ አሳየኝ» አለችው።

«ሴትዮ፣ ለየልሽ እንዴ? ለዕውር ነው መንገድ አሳየኝ የሚባለው?»

«ሠላሳ ዓመት የነዳኸው አንተ ነህ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ ነበር፤ በየት በኩል እንደሚታጠፍ በምን አውቃለሁ?»

አጉረመረመ፣ ተሳደበ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ አደረገ፣ ግን ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየሐሙሱ የሠላሳ ሰባትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱታል። ኔቪል ጎኗ ሆኖ ፌርማታውን ይጠራል። «ቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን! የሚወርድ አለ? ዘጋሁ!» ይላል። «እዚህ ጋ ወይዘሮ ክራብትሪ ውሻዋን ይዛ ትሳፈራለች፤ ለውሻው አትከፍልም፣ ዝም በያት» ይላል፤ ወይዘሮ ክራብትሪ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሎሬይን አንድ መታጠፊያ ከዘገየች «ግማሽ ደቂቃ አሳለፍሽ! ሕዝብ እኮ ብርድ ላይ ቆሟል!» ብሎ ይቆጣታል። ስድቡ ለሷ እንደ ዘፈን ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሰው ይወጣቸዋል። እሱ እጅ ነው፣ እሷ ዓይን። ድንቹን እሱ ይልጣል፣ የቀረውን ልጣጭ እሷ ትነግረዋለች። የቀሚሷን ቁልፍ እሱ ይቆልፋል፣ ካልሲው አንድ ዓይነት መሆኑን እሷ ታያለች። ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድም እሱ የሷ አስታማሚ፣ እሷ የሱ አስታማሚ ተብለው ሁለቱም ተመዝግበዋል። ኔቪል በዚህ መቀለድ አይጠግብም። «ሁለታችንም በሽተኛ፣ ሁለታችንም ነርስ። የቀረን ቀባሪ መሆን ብቻ ነው» ይላል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ሁለት ቡናማ ፖስታ መጣ። ኔቪል ቀደደ፣ ሎሬይን አነበበች። ሕጉ ተለውጧል፣ ከእንግዲህ ድጎማ ለማግኘት ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ የችግር ነጥብ መልቀም አይበቃም፣ ሁለታችሁም እንደ አዲስ ትገመገማላችሁ ይላል። በዚያ ላይ የአስታማሚ አበል የሚገኘው የሚታመመው ሰው ድጎማ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሎሬይን ልብስ ሰፊ ናትና ነገሩ ቶሎ ገባት። «ሹራብ ነው የሆነብን» አለች። «አንዱ ክር ከተሳበ ሁሉም ይተረተራል።»

«መኪናዋስ?» አለ ኔቪል።

«እሷም አብራ ትተረተራለች።»

 ሎሬይን የኔቪል ፊት ወደ ሶፋው ዘወር ሲል አየች።

ገምጋሚዋ ቤት ድረስ ትመጣለች ተባለ። ይሄኔ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ሎሬይን ያደረገችውን ስሙልኝ። እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ቤት አስጸዳች! ራሷ እንኳን መጥረጊያ ልትይዝ ስኒ ማንሳት አትችል፤ ኔቪል በአራት እግሩ እየዳኸ፣ እሷ ከላይ ሆና «ከወንበሩ ሥር… ወደ ግራ… እሱ ቆሻሻ አይደለም፣ የኔ እግር ነው!» እያለች ወለሉን እንደ መስተዋት አደረጉት። የደጃፉንም ድንጋይ አስፈተገችው። በማግስቱ ማርማላታ ያለበት ኬክ ጋገሩ። በመጨረሻም ኔቪል የጋብቻ ቀን የጆሮ ጌጧን ሃያ ደቂቃ ሲታገል ቆይቶ፣ ሁለቴ አንገቷን ወግቶ፣ አደረገላት።

ገምጋሚዋ ሄዘር የምትባል ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። ገና ከመቀመጧ «እንዴት ነዎት ወይዘሮ ኦዲ?» አለች።

«ምንም አይል፣ ልጄ። አንቺስ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ሻይ ላድርግልሽ?»

ሻዩን እንዴት እንደሚያፈሉት ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሄዘር ግን አላወቀችም። ኔቪል ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ሎሬይን ጀርባው ላይ ተለጥፋ «ግራ… ትንሽ… አፍስስ… በቃ!» አለችው፤ በሹክሹክታ፣ እንግዳ ፊት መጮኽ ነውር ነዋ! ኬኩንም እሱ ቆረጠ፣ በክርኗ እየመራችው። እኩል እኩል አስቆረጠችው። ሄዘር ሁለት ቁራሽ በላች፣ አመሰገነች፣ የሁለቱንም መጠይቅ በሰዓት ተኩል ጨርሳ ሄደች።

«ጨዋ ልጅ ናት» አለች ሎሬይን።

ጨዋይቱ ልጅ የጻፈችው በወሩ መጣ። የኔቪል ደብዳቤ «አመልካቹ በራሱ እጅ ሻይ አፍልቶ ኬክ ቆርጦ ሲያቀርብ ታይቷል፤ ሚስቱ በቃል ትመራዋለች፤ ዜሮ ነጥብ» ይላል። የሎሬይን ደግሞ «አመልካቿ ንጹሕ ቤት ያላት፣ የጆሮ ጌጥ ያደረገች ናት፤ ስለ ጤናዋ ስትጠየቅ ምንም አይል ብላለች፤ እጅ በሚጠይቅ ሥራ ባሏ ይረዳታል፤ ዜሮ ነጥብ» ይላል። የሚታመም ስለሌለም የሚያስታምም የለም፤ የሁለቱም የአስታማሚ አበል ተሰርዟል። መኪናዋም በስድስት ሳምንት ውስጥ ትመለስ።

ኔቪል «ሎሪ፣ ዳንን እኮ! ለሐኪሙ ደውለሽ አብሥሪው!» አለ።

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ሐሙስ ሲደርስ ግን ኔቪል ኮቱን አልጠየቀም። ሄዶ ሶፋው ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ተነስ እንጂ፣ ሕዝብ ብርድ ላይ ቆሟል» አለችው።

«ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሎሬይን በዚያች ቅጽበት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እርዳታ ፍለጋ የሰው ደጅ አንኳኳች።

አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ ማርጆሪ ፒክልስ ድሮ የአውቶቡስ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን የፋብሪካ ፊሽካ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰውን ሰው ሁሉ በነፃ ትረዳለች። ሁለቱን ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ኬክ?» አለች። «ሎሬይን፣ ኬክ ጋገርሽላት?»

«እንግዳ ናት፣ ምን ላድርግ?»

«ምን ላድርግ! ስኒውን ፈጥፍጠሽ ብትሰብሪ፣ ሻዩን ጭኗ ላይ ብትደፊባት ነበር የምትጸድቂው! የጆሮ ጌጥ ደሞ! አንቺን አሥር ጊዜ ቢገመግሙሽ አሥር ጊዜ ጤነኛ ብለው ሰርተፊኬት ይሰጡሻል።» ከዚያም ቁጭ ብላ ይግባኝ ጻፈችላቸውና በስልክ ጮኻ ጮኻ ይግባኙ እስኪሰማ መኪናዋ እንድትቆይ አስፈቀደች። ስልኩን ስትዘጋ «አሁን የሚቀረው ከባዱ ነው» አለች። «ማማረር ልትማሪ ነው።»

ትምህርቱ በማርጆሪ ማድ ቤት ተጀመረ። ኔቪልም ከሶፋው ተነስቶ መጣ፤ እንዲህ ያለ ትርዒት እንዲያመልጠው አይፈልግም።

«እንዴት ነሽ ሎሬይን?» አለች ማርጆሪ።

«ምን—»

«እ!»

«እ… ትንሽ… አንዳንዴ… ግን ከኔ የባሰ—»

«ካንቺ የባሰውን ተይው! የባሰው የራሱን ይግባኝ ይጠይቅ! እንደገና!»

«እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ በጣም ደህና አይደለሁም» አለች ሎሬይን፤ ይቺን ስትናገር ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ተመስገን!» ብሎ ኔቪል ጠረጴዛውን ደበደበ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ጠበቅኩት!»

ማርጆሪ የቤት ሥራ ሰጠቻት፤ ለሦስት ሰው፣ ደጅ ላይ፣ እውነቱን እንድትናገር። ሎሬይን ስታንሊ ሥጋ ቤት ገባች። «እንዴት ነሽ ሎሬይን?» አለ ስታንሊ ሥጋውን እየጠቀለለ፣ መልሱን ሳይጠብቅ። «በጣም ደህና አይደለሁም» አለችው።

ስታንሊ ቢላዋውን አስቀመጠ። ወረፋ የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ሎሬይን ኦዲ ደህና አይደለሁም ካለችማ ነገሩ አልቆለታል! እሷ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሎሬይን ታማለች ተባለ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ የሰጧት ዕድሜ ሦስት ወር ነው ተባለ። እስከ ማታ ደጃፏ ላይ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ሰባት የሥጋ ፓይ ተደረደረ። በማግስቱ ቄሱ መጡ፤ እጇን ይዘው «ልጄ፣ በቀብርሽ ዕለት የትኛው መዝሙር እንዲዘመርልሽ ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

«አባ፣ ምንም አልሆንኩም! ደህና ነኝ! ምንም አይል!» ብላ ጮኸች። የሳምንት ትምህርት በአንድ አፍታ ገደል ገባ። ኔቪል ግን ፓዩን በላው። «ነገም አማርሪ፣ የዶሮ አላመጡም» ይላታል።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ማርጆሪ የሁለቱም ይግባኝ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል እንዲታይ አድርጋለች። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደረጉ ሴት ዳኛ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውዬ። ማርጆሪ ከመግባታቸው በፊት የሎሬይንን ክንድ ይዛ «አስታውሺ፤ እዚህ ውስጥ ጨዋነት ኃጢአት ነው» አለቻት።

«ወይዘሮ ኦዲ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«ምንም አይል፣ እመቤቴ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

ማርጆሪ ፊቷን በዶሴው ሸፈነች።

ምግብ ያበስላሉ? እናበስላለን። ይለብሳሉ? ራቁቴን አልመጣሁም። የሚያስቸግርዎ ነገር አለ? ሁሉም ሰው የራሱ አለው። ሎሬይን እያንዳንዱን መልስ ስትመልስ ቀይዋ መኪና አንድ እርምጃ ስትርቅ ታያት ነበር፤ እያወቀችው አፏ አልታዘዝ አላት። የእናቷ ድምፅ ነው ጉሮሮዋን የያዘው። ዳኛዋ ተነፈሱና ገጹን ገለጡ። «እሺ፣ ወደ ባለቤትዎ ጉዳይ እንለፍ። ስለሳቸው የሚነግሩን አለ?»

ወይ ጉድ! በዚህ አገር ሴት ስለራሷ ማማረር ነውር ነው፤ ባሏን ማማት ግን መብቷ ነው። የሎሬይን አንደበት እንደ ቧንቧ ተከፈተ።

«ስለ ኔቪል? ከየት ልጀምርልዎ! እሱን ሰውዬ አንድ ቀን ለብቻው ቢተዉት ሬሳ ነው። ባለፈው ጸጉሩን በሽንት ቤት ማጽጃ ታጥቧል፤ ሽታው ጥሩ ነው ይለኛል! የጎረቤት ድመት ምግብ ድንች ላይ አድርጎ በልቶ ደግሞ ጨምሪልኝ ብሏል። ምድጃ ላይ እጁን ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል። ደረጃ ላይ ሁለቴ ወድቋል፤ የስኳር መርፌውን ቁጥር ማንበብ ስለማይችል እኔ ካላየሁለት ራሱን ይገድላል። ደሞ ኩራቱ! መንገድ ላይ ምሰሶ ገጭቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ምሰሶው ሳይመልስለት ሲቀር ይቆጣል!»

ሐኪሙ አፉን በእጁ ሸፈነ። ዳኛዋ ጻፉ፣ ጻፉ፣ ገጽ ገለበጡ። «አቶ ኦዲ፣ ይሄ እውነት ነው?»

«ከድመቱ ምግብ በስተቀር» አለ ኔቪል። «ጨምሪልኝ አላልኩም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ እሷ ስለኔ ከተናገረች እኔም ስለሷ ልናገር።»

«ኔቪል፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለች ሎሬይን።

«የማርማላታ ጠርሙስ ብቻዋን ለመክፈት ትሞክራለች፣ እኔን ላለመጥራት። ማድ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት እሰማዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ ታደርገዋለች።»

«ሰው ፊት ነው ያለነው፣ ዝም በል!»

«ሬዲዮውን ከፍ የምታደርገው እንዳልሰማት ነው። ስታለቅስ ማለቴ ነው። ገላዋን ስትታጠብም እንደዚያው፤ ከገንዳው መውጣት አቅቷት ውሃው እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብላ ትዘፍናለች። የምትዘፍነው ሲያማት ነው። ወጥታ እንዴት ነሽ ስላት ምንም አይል ትለኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለኝ ኖረች፤ እኔም የማላውቅ መስዬ ኖርኩ፤ ምክንያቱም ማወቄን ካወቀች መዝፈኛም አይኖራት።» ፊቱን እሷ ወዳለችበት አዞረ። «ዓይኔ ነው የጠፋው ሎሪ፣ ጆሮዬ አይደለም።»

ሎሬይን የተቆላለፉ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አቅፋ ታያቸው ጀመር። ስድስት ዓመት የደበቀችው ገመና ሁሉ ተሰምቶ ነበር ለካ፤ በቤቷ ውስጥ፣ በባሏ። አፈረች፤ ከማፈሯ በታች ግን ደረቷ ላይ ተቆልሎ የኖረ አንድ ነገር ሲናድ ተሰማት።

«ወይዘሮ ኦዲ» አሉ ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለቤትዎ ያሉት እውነት ነው?»

እናቷ ጉሮሮዋ ላይ ነበረች። ሎሬይን ዋጠቻት።

«ኔቪል ብዙ ጥፋት አለበት» አለች። «ግን ዋሽቶ አያውቅም።»

ኮሪደር ላይ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ሲጠሩ ለሁለቱም ተፈርዶላቸዋል፤ የሷም የሱም ድጎማ ተመለሰ፣ የአስታማሚ አበሉም ተከትሎ ገባ፣ መኪናዋም እነሱ ዘንድ ትቆያለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እንደ አዲስ ይገመገማሉ። ማርጆሪ ሐኪሙን ልትስመው ምንም አልቀራትም። ሎሬይን ዳኛዋን አመሰገነችና «በሠፈራችን ካለፉ ይግቡ፣ ኬክ—» ብላ ስትጀምር ማርጆሪ በካፖርቷ ጎትታ አወጣቻት።

ቀኑ ሐሙስ አልነበረም። ቢሆንም ሎሬይን ማርጆሪን ቤቷ ካደረሰች በኋላ መኪናዋን ወደ ሠላሳ ሰባት መነሻ አዞረቻት። ኔቪል ሳይጠየቅ አወቀ፤ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ።

«የድሮው ከሰል ጉድጓድ በር! የሚወርድ አለ? ዘጋሁ!»

ቅዱስ ሉቃስን አለፉ። የወይዘሮ ክራብትሪን ፌርማታ አለፉ፤ ውሻዋም ሳይከፍል ገባ። ሥጋ ቤቱ ጋ ቀይ መብራት ያዛቸው።

«ሎሪ» አለ ኔቪል። «እንዴት ነሽ?»

አፏ በልማዱ ሊመልስ ተከፈተ። ዘጋችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ አንዱ ጥሩምባ ነፋ፣ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ያመኛል» አለች። «ሁልጊዜ ያመኛል፣ ኔቪል። ጧት ጧት ደግሞ ይብሳል።»

ኔቪል እጁን ዘረጋ፤ አየር ላይ ትንሽ ፈለገና መሪው ላይ ያለ መዳፏን አገኘው። ሳይጫናት አስቀመጠው።

«አውቃለሁ» አለ። «ቀስ ብለሽ ንጂ። ዛሬ ብንዘገይም ማንም አይቆጣንም።»